ቀጋ ለቀማና 120 ደቂቃ

እኩዮቼ፣ መስከረም ሲጠባ፣ ጤዛው ገና ከሣሩ ላይ ሳይረግፍ፣ ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ እንጦጦን ወጥተን፣ አደዩን በእቅፍ፣ እንግጫውን በጉያ ይዘን፣ ቀሚሳችን እስከ ጉልበቱ ርሶ ስንመለስ፣ «ለጤናችሁ ይበጃል» ያለን ሰው ነበር? ማንም! «እነዚህ ልጆች ዛሬም ጋራ ለጋራ ሲዞሩ ዋሉ» የሚል ቁጣ ነበር የሚጠብቀን። ዛሬ ያው ጋራ በሐኪም ይታዘዛል! ደም ግፊቴን የሚለካልኝ ወጣት ሐኪም «እማማ፣ ዛፍ ያለበት ቦታ በእግርዎ ይሂዱ» ሲለኝ ደስታዬ ወሰን አጣ።

ያን ጊዜ ከዚያ ጋራ የማንበላው ምን ነበር? ቀጋው፣ አጋሙ፣ እንጆሪው! እጃችን በእሾህ ተቧጭሮ፣ ምላሳችን ጠቁሮ እንገባለን። ጉንፋን ሲይዘን ደግሞ የባሕር ዛፍ ቅጠል ይፈላልንና በጋቢ ተሸፍነን እንታጠናለን፤ እንፋሎቱ ዓይን ያስለቅሳል፣ ከጋቢው ሥር ግን ሳቅ አይጠፋም። ዛፉ በምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣ እንግዳ መሆኑን ማን አውቆ! ከጋራው ጋር አብሮ የተፈጠረ ይመስለን ነበር።

እናቴማ ሰው ሲታመምባት ቤት ውስጥ አታስተኛም። ከኮሽሙ አጥር አጠገብ ምንጣፍ ትዘረጋና «ነፋስ ይንካህ፣ ልምላሜ እይ» ትላለች። ሮጀር ኡልሪክ የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተመው ጥናት፣ የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው ሰዎች መካከል በመስኮታቸው ዛፍ የሚያዩት፣ የጡብ ግድግዳ ከሚያዩት ቀድመው ከሆስፒታል ወጡ፤ ኃይለኛ ማስታገሻም ብዙ አላስፈለጋቸውም። ይህን ሳነብ ብቻዬን ቤት ውስጥ እልል አልኩ። እናቴ ብትሰማ «ታዲያ ይህ ምኑ ይጠናል?» ነበር የምትለው!

እንግሊዝ አገር ደግሞ 20,000 ያህል ሰዎች ተጠይቀው፣ በሳምንት ቢያንስ 120 ደቂቃ ከተፈጥሮ ጋር የሚያሳልፉት ጤንነታቸውም ስሜታቸውም የተሻለ መሆኑን ተናግረዋል። በአንዴም ይሁን ተከፋፍሎ፣ ድምሩ ነው ቁም ነገሩ። 120 ደቂቃ! እኛ ቀጋ ለቀማ ከቁርስ ወጥተን ለእራት አልነበር የምንገባው?

አሁን እንጦጦ መናፈሻ ሆኗል፤ በ2013 ዓ.ም. ተመርቆ መንገዱ ተነጠፈ፣ ብስክሌቱ ገባ፣ ቡናው ይሸታል። ድሮ ባዶ እግር፣ ዛሬ የስፖርት ጫማ! ድሮ እናት በጩኸት ትጠራን ነበር፣ ዛሬ በቴሌግራም እንቀጣጠራለን! 3,000 ሜትሩን ያለፈው አየር ግን እንደ ጥንቱ ደረት ያጥባል። ቅዳሜ ማለዳ ከባልንጀሮቼ ጋር ስንወጣ ትንሽ እንሄዳለን፣ ትንሽ እንቀመጣለን፣ «ይህ አጋም ነው»፣ «የለም፣ ቀጋ ነው» እየተባባልን እንከራከራለን፤ ከዚያ ወርደን ሽሮ ሜዳ ጨጨብሳ እናዛለን፤ ሐኪሙ ስለ ቅቤው ገና አልጠየቀኝም።