ወንድሜ ትቶት የሄደው ቦርሳ

እስቲ ዛሬ ከፖለቲካው ትንሽ ፈቀቅ ብለን ስለ አንድ ቦርሳ እናውራ። ፖለቲካው ራሱ ተከትሎን መምጣቱ ግን አይቀርም።

ቦርሳው የታላቅ ወንድሜ ነው። ሆሳዕና፣ ቤታችን ውስጥ፣ አልጋ ሥር ተቀምጧል። ወንድሜ የፑል ጠረጴዛ ይጠግን ነበር። ከሾኔ፣ ከዱራሜ ወይም ከሺንሺቾ "ጠረጴዛው ዘመመብን፣ ጨርቁ ተቀደደብን" የሚል ስልክ ሲመጣለት ቦርሳውን አንጠልጥሎ ሚኒባስ ይሳፈራል። እኔም ክረምት ላይ ትምህርት ሲዘጋ ባትሪ እያበራሁና ብሎን እያቀበልኩ አብሬው ዞሬያለሁ።

ውስጡ ያለው ይህ ነው፦ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ቁልፎች፣ ስቴፕለር፣ ማስቲሽ፣ ምላጭ፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ የአናጺ ውሃ ልክ፣ በእጁ የጠረባቸው ቀጫጭን የእንጨት ሽብልቆች፣ ያለቀባቸው የሞባይል ካርዶች እና በላስቲክ የተጠቀለለ የንብ ሰም።

"ሰምና የሞባይል ካርድ ለፑል ምን ያደርጋል?" ትሉ ይሆናል። እኔም ጠይቄው ነበር።

ደህና የሚባል የፑል ጠረጴዛ ከጨርቁ ሥር ድንጋይ አለው። ድንጋዩ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ቦታ የተከፈለ ሲሆን፣ ውፍረቱም 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ሦስቱ ሲገጣጠሙ የሚቀረው ስንጥቅ በቀለጠ ሰም ይሞላና ሲደርቅ በምላጭ ይፋቃል። ሰም የተመረጠው ጠረጴዛው ሌላ ጊዜ ሲፈታ ድንጋዩን ሳይጎዳ ስለሚለቅ ነው። አሜሪካ ያሉ የሙያው ሰዎችም የሚጠቀሙት ይህንኑ ነው። የእነሱን ከሱቅ ይገዙታል፤ የወንድሜ ከማር ሻጮች የተገኘ ነው። ድንጋይ የሌላቸው፣ በቺፑድ የተሠሩት ጠረጴዛዎች ግን ሌላ ጣጣ አላቸው። የሆሳዕና ክረምት ሲገባ እርጥበት ይጠጡና መጋጠሚያው ላይ ያብጣሉ። ለእነሱ የብርጭቆ ወረቀትና ትዕግሥት እንጂ ሰም አይበቃቸውም።

ካርዱ ደግሞ ለልኬት ነው። በዓለም አቀፉ ደንብ የትልቁ ጠረጴዛ መጫወቻ ሜዳ ርዝመቱ 254፣ ወርዱ 127 ሴንቲ ሜትር ነው። ከዚህ ሁሉ ርዝመት የሚፈቀደው መዛባት ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ በወርዱ ደግሞ የዚያ ግማሽ። የአናጺ ውሃ ልክ ይህን አያየውም። በውጭ አገር ለብረት ሥራ የሚያገለግል እጅግ ስስ ውሃ ልክ ይይዛሉ፤ ለጥቃቅኑ ክፍተትም የካርታ መጫወቻ ይሸጉጣሉ። ወንድሜ ያ ውሃ ልክ ስላልነበረው አንዷን ኳስ ከጫፍ ጫፍ በቀስታ ይለቅና ጎንበስ ብሎ ያያታል። ወደ አንድ ወገን ካጋደለች በዚያ በኩል ካርድ ይጨምራል። "ውሃ ልክ ይሳሳታል፣ ኳስ ግን አትዋሽም" ይል ነበር።

ጨርቁ ከቤልጂየም ቢመጣ ደስ ባለው ነበር። ቬርቪዬ በምትባል ከተማ ሲሞኒስ የተባለው ድርጅት ከ1680 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጨርቅ ይሠራል፤ የቢሊያርድ ተጫዋች ሁሉ ያውቀዋል። ወንድሜ ግን ከመርካቶ የተላከለትን ይዞ፣ ሳይላላ ሳይጠብቅ ወጥሮ ይመታዋል። ከላላ ኳሱን ይይዛል፤ ከጠበቀ ቀዳዳው አፍ ላይ ይቀደዳል።

ይህን ሁሉ ያወራሁት ለመሣሪያው ብዬ አይደለም። እንደምታውቁት ፑል ቤት ውስጥ ሒሳቡን የሚከፍለው ተሸናፊ ነው። የዘመመ ጠረጴዛ ማለት እንግዲህ ያጋደለ ሚዛን ማለት ነው። ዝማሜውን የሚያውቀው የቤቱ ልጅ ያሸንፋል፤ ቀን ሙሉ ድንጋይ ሲሸከም የዋለው ልጅ ይከፍላል።

አንድ ቀን አንድ ባለቤት ወንድሜን ወደ ጥግ ወስዶ "አንተ ጨርቁን ብቻ ቀይርልኝ፣ መዝመሙን ተወው፣ ልጆቹ ለምደውታል" አለው። ወንድሜ ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ ዕቃውን አንድ በአንድ ቦርሳው ውስጥ ከተተ። ሳይከፈለን፣ የመመለሻችንን ከኪሱ ከፍሎ ተሳፈርን። መንገድ ላይ "በሚዛን ከሚያጭበረብር ነጋዴ በምን ልለይ ነው?" ብቻ አለኝ።

ይህ ሰው ነው እንግዲህ የሥራ ቦታ ፈልጎ አንድ ቢሮ ሄዶ "ፑል? ይህማ ቁማር ነው፣ ሙያ አይደለም" ተብሎ የተመለሰው።

ፑል ቤትን ቅዱስ ላደርገው አልፈልግም። ትምህርት ቤት አጠገብ ተከፍቶ ከክፍል የሚያስቀር ፑል ቤት አለ፤ ይዘጋ። ዘመቻ ሲመጣ ግን ጠረጴዛው ዝናብ ላይ ተጥሎ ይበሰብሳል እንጂ ልጆቹ ወዴት እንደሚሄዱ የሚጠይቅ የለም። የሰዓትና የዕድሜ ገደብ ይውጣ፤ የገበያ ሚዛን እንደሚፈተሸው ሁሉ ጠረጴዛውም ይፈተሽ። ፈታሹ ማን ይሁን? እንደ ወንድሜ ያለው ነዋ!

ወንድሜ ግን የለም። የሀድያና የከምባታ ልጅ ተስፋ ሲቆርጥ የሚሄድበትን መንገድ ሄዷል፤ ደቡብ አፍሪካ። በመጋቢት 2012 ሞዛምቢክ ውስጥ፣ ቴቴ ላይ በአንድ ኮንቴነር ታፍነው የሞቱት 64 ሰዎች ኢትዮጵያውያን ናቸው ሲባል ሰምተን ነበር። ያንን ሰምቶ ነው የሄደው። እግዜር ይመስገን ደርሷል፤ ሱቅ ውስጥ ይሠራል።

ሆሳዕና በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የክልል መቀመጫ ሆነች። ሕንፃው እየበዛ ነው፣ ብዙው ከዚያው ከደቡብ አፍሪካ በተላከ ብር። ብር ላኪ እንጂ እጁ ላይ ሙያ ያለውን ሰው እዚሁ ማቆየት አልቻልንም። ወጣቱን "ሥራ ፍጠር" እንላለን፤ ፈጥሮ ሲመጣ ስሙ ከዝርዝራችን ውስጥ ካልተገኘ እንመልሰዋለን።

ባለፈው ሳምንት ከሾኔ አንድ ሰው ደውሎ "ወንድምህ የለም እንዴ? አንተስ አትሞክርም?" አለኝ። ቦርሳውን ይዤ ሄድኩ። ውሃ ልኩን አስቀመጥኩ፤ ልክ ነው አለኝ። ኳሷን ለቀቅኳት፤ መሃል ስትደርስ ወደ ግራ አጋደለች። የት ጋ ካርድ እንደምጨምር ግን አላወቅኩም። ሰውየውን ይቅርታ ጠይቄ ተመለስኩ።

ማታ ወንድሜ ሲደውል ነገርኩት። ሳቀና "ሰሙ አለ?" አለኝ።

"አለ።"

"ከምድጃው አርቀው፣ እንዳይቀልጥ።"