ስንት ጥማድ ይዘሻል?

ጎ የሚባለውን የቻይናውያን ጥንታዊ ጨዋታ ሞክራችሁ የማታውቁ አንባቢያን፣ አትደንግጡ። ሕጉ እንደ ቼዝ አይበዛም። ሁለት ሰዎች ጥቁርና ነጭ ጠጠር ይዘው፣ መስመሮች በሚገናኙባቸው ነጥቦች ላይ በየተራ ያስቀምጣሉ። የተቀመጠ ጠጠር ካልተማረከ በቀር ከቦታው አይነሳም። በመጨረሻ ብዙ ባዶ ነጥብ ያጠረ ያሸንፋል። ትልቁ ሰሌዳ 19 በ19 ነው፣ 361 ነጥብ። ለጀማሪ ግን 9 በ9 ይበቃል። እኛ መካነ ሰላም ላይ ካርቶን አስምረን በሽምብራና በተቆላ ቡና እንጫወታለን። (ቡናው ከጨዋታው በኋላ የት እንደሚገባ አትጠይቁን!)

ጀማሪን የሚያስጨንቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ «አሁን ማን እየመራ ነው?» በቼዝ የተበላውን ቆጥሮ መገመት ይቻላል። በጎ ግን በዋናነት የሚቆጠረው መሬት ነው። መሬትን በዓይን መገመት ደግሞ የቦረና ገበሬ ሙያ ነው።

እዚህ መሬት የሚጠራው በጥማድ ነው፤ አንድ ጥንድ በሬ በቀን የሚያርሰው፣ ሩብ ሄክታር ገደማ። ስንት ጥማድ እንደሆነ የተጠየቀ ገበሬ ሜትር አይዘረጋም። መጀመሪያ ወሰኑን በዓይኑ ይዞራል፣ ከዚያ እርሻውን በሚያውቀው ልክ እየከፋፈለ ይደምራል። እኛም ይህንኑ ወሰድን።

አንደኛ፣ ወሰን። ወደ ዓባይ በረሃ በሚወርደው ገደል አፋፍ ላይ ያለ እርሻ በገደሉ በኩል አጥር አያሻውም። የሰሌዳው ጥግም እንደዚያው ነው፤ ሁለት ጎኑ ታጥሮ ነው የሚቆየን። ስለዚህ ቆጠራው ከጥግ ይጀምር፣ ወደ ጠርዝ ይሂድ፣ መሐሉ መጨረሻ ይምጣ።

ሁለተኛ፣ ቁራጭ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ መቁጠር ያደክማል። በትልቁ ሰሌዳ ላይ ጥቁር በጥግ 4 በ5 የሆነ ቦታ አጥሯል እንበል፤ 20 ነጥብ። በውስጡ 3 ማምለጫ የሌላቸው ነጭ ጠጠሮች ቢኖሩ፣ በጃፓን አቆጣጠር እንደ ምርኮ 3 ይጨምራሉ። ጠርዝ ላይ 14 ካለው ድምሩ 37 ነው። ነጭ ሁለት ጥግ በ12 በ12 ይዟል፤ 24። ጥቁር ቀድሞ ስለሚጀምር ለነጭ 6.5 ማካካሻ ይታሰብለታል፤ 30.5። ጥቁር በ6.5 ይመራል። አለቀ!

ሦስተኛ፣ ተስፋን አለመቁጠር። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የተባለው ለጎ ጀማሪ ይመስለናል። ያልተዘጋ ቦታ የማንም አይደለም። ሁለታችሁም ወሰናችሁን ብትዘጉ መስመሩ የት ያርፋል? እስከዚያ ድረስ ብቻ ቁጠሩ።

ግምቱ ምን ይሠራል? የምትመሩ ከሆነ ሰላም ትፈልጋላችሁ፣ ወሰን ትዘጋላችሁ። ከተመራችሁ ግን ተቃዋሚው ግቢ ዘልቆ መግባት ግድ ነው። አልፋጎ የተባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2016 ኮሪያዊውን ሊ ሴዶልን 4 ለ 1 ሲረታ፣ የሚያሰላው የማሸነፍ ዕድሉን እንጂ የልዩነቱን ስፋት አልነበረም። በግማሽ ነጥብ ማሸነፍም ማሸነፍ ነው።

ይህ ሁሉ ታዲያ ጨዋታ ብቻ ነው? «በርስትና በሚስት ቀልድ የለም» ሲባል ሰምተን አድገናል። (ሚስቲቱም ርስት እንዳላት ግን ማንም አይጨምርበትም!) የክልሉ የመሬት አዋጅ ቁጥር 133/1998 የባልና ሚስት የጋራ ይዞታ በሁለቱም ስም እንዲመዘገብ አድርጓል። አዋጁ በ252/2009 ቢተካም የጋራው መብት ቀጥሏል። ደብተሩ ላይ ስሟ አለ። «ስንት ጥማድ ነው?» ብለን ስንጠይቅ ግን «እሱ ያውቃል» ያሉን እናቶች ብዙ ናቸው።

«እሱ» ሲሞትስ? ወሰን በአንድ ቀን አይገፋም። ዘንድሮ አንድ ፈር፣ ለከርሞ ሌላ ፈር ይሄዳል። የጎ መጨረሻም እንዲሁ ነው፤ አንድ አንድ ነጥብ እየተሸራረፈ ያልቆጠረው ሰው መሸነፉን የሚያውቀው ሰሌዳው ሲነሳ ነው። ደብተር የቆጠሩትን ያጸናል፤ ድንጋዩ ሲነቃነቅ የሚያየው ግን ዓይን ነው።

ስለዚህ እህቶቻችን፣ ጎን ተጫወቱም አልተጫወቱም፣ ነገ ጠዋት እርሻችሁን አንዴ ዙሩት። ከገደሉ በኩል ጀምሩ።

ቸር እንሰንብት።