አንድ መስመር ለአራት

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይላሉ አበው። ድሩ ኢንተርኔት ሲሆን ግን አንበሳውን ትቶ ጓደኛማቾችን ያናክሳል! እናንተዬ፣ ደባሎችን የሚያጣላው ኪራይና የሰሃን ማጠብ ተራ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ዋይፋይም አለበት።

እኛ አራት ወንደላጤዎች ነን። አንድ ኮንዶሚኒየም ተከራይተን ኪራዩንም ኢንተርኔቱንም እኩል እናዋጣለን። ሦስታችን ማታ ማታ ጌም ላይ ነን። አራተኛው ጌም አይነካም። እናቱ ቤይሩት ሰው ቤት ነው የሚሠሩት። ሥራ ጨርሰው ስልክ የሚይዙት ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ስለሆነ፣ በቪዲዮ የሚያወራቸው ያኔ ነው። እኛም የምንጫወተው ያኔ!

አንድ ሰሞን ጨዋታው ይቆራረጥ ጀመር። ተኩሰህ ሳትጨርስ አንተው ሞተህ ትገኛለህ። አንዱ ጓደኛችን ንድድ ብሎት «ይሄ የቪዲዮው ጣጣ ነው! ወይ በድምፅ ብቻ ያውራ፣ ወይ የራሱን መስመር ያስገባ» አለ። ልጁ አንድም ቃል አልመለሰም። በማግስቱ ግን ደላላ ጋ ሄዶ ቤት ማፈላለግ እንደጀመረ ሰማን። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ያልተለያየን ልጆች በጌም ልንለያይ!

እኔ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ያለፈ ትምህርት የለኝም፤ ኢንጂነርም አይደለሁም። ግን ሰው ከመክሰስ በፊት መለካት ይቻላል። ፒንግ የሚሉት ነገር አለ፦ ከቤታችን የወጣ መልእክት ጌሙ ያለበት ሰርቨር ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ ማለት ነው። ሰርቨሩ ፍራንክፈርት ቢሆን፣ ከአዲስ አበባ በቀጥታ መስመር እንኳ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚሄድ፣ ደርሶ መልሱ ብቻ ቢያንስ 50 ሚሊ ሰከንድ ይበላል። እሱን ማንም አያሳጥረውም። እቤት ውስጥ የሚፈጠረውን ወረፋ ግን እናሳጥረዋለን።

እናም አንድ ማታ ፒንጉን እያየን ያለውን ሁሉ በየተራ ከመስመር አወጣን። ልጁ ቪዲዮውን ሲዘጋ ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። የከሳሹ ኮምፒዩተር ሲጠፋ ግን ቁልቁል ወረደ! ለካስ ባለቤቱ ሳያውቅ በአሥር ጊጋባይት የሚቆጠር የጌም አፕዴት እያወረደ ኖሯል። ጌም ሲጫወቱት ብዙ ዳታ አይበላም፤ መስመሩን የሚሰለቅጠው አፕዴቱ ነው። ከሳሽ ሆዬ አንገቱን ደፋ።

ከዚያ ቁጭ ብለን ሕግ አወጣን። በጋራ የምትኖሩ ልጆች ካላችሁ እነሆ፦

አንደኛ፣ አፕዴት ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ። ስቲም የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንዱ ያወረደውን ጌም ሌላው ከዚያው ቤት ኮምፒዩተር መገልበጥ ይችላል። አንድን ጌም ሦስት ጊዜ ማውረድ ምን አመጣው?

ሁለተኛ፣ የማይንቀሳቀስ ኮምፒዩተር በኬብል ይገናኝ። የኔትወርክ ኬብል እስከ 100 ሜትር ድረስ ያለችግር ያደርሳል። በዋይፋይ ከሆነ ባለ 5 ጊጋኸርዙ ፈጣን ነው፤ ግድግዳ ሲበዛበት ግን ይደክማል። ባለ 2.4ቱ ራቅ ብሎ ይደርሳል፤ ፍጥነቱ ግን ያንሳል።

ሦስተኛ፣ ብዙ ራውተሮች ላይ ለማን ቅድሚያ እንደሚሰጥ ወይም አንዱ ኮምፒዩተር ከስንት በላይ እንዳይወስድ የሚወሰንበት ቦታ አለ። ከፍታችሁ እዩት።

አራተኛ፣ ኢንተርኔት በጠፋ ቀን አትከፉ። እንደ ካውንተር ስትራይክ 1.6 ያሉትን የድሮ ጌሞች እዚያው ራውተር ላይ እርስ በርስ ትጫወታላችሁ። መብራት ካለ ይበቃል።

ቅድሚያውን እኛ ለማን እንደሰጠን ልንገራችሁ? ለቤይሩቱ ስልክ! በጌም የሞተ ሰው ከደቂቃ በኋላ ይነሳል። እናት ግን ቀኑን ሙሉ ሰው ቤት ሲለፉ ውለው የልጃቸውን ፊት የሚያዩባት ያቺው ግማሽ ሰዓት ናት። ኬብሉን የገዛው ማን መሰላችሁ? ከሳሹ፣ ከራሱ ኪስ። ልጁም ደላላውን ተወው።

እና ወዳጆቼ፣ መስመር ሲጨናነቅ መጀመሪያ ማሽኑን መርምሩ፤ ሰውን በኋላ። ኢንተርኔት በወር ሂሳብ ይገዛል፤ የዘጠነኛ ክፍል ጓደኛ ግን ከየት ይገዛል? ቸር ሰንብቱ!