የወርዋሪው ክንድ

መጋቢት ገብቶ በዋሽንግተን የቼሪ ዛፎች ማበብ ሲጀምሩ እኔም ደብተሬን ከመሳቢያው አወጣለሁ። የግጥም ደብተር አይደለም፤ የክንድ ደብተር ነው። በውስጡ የማላውቃቸው፣ እነርሱም የማያውቁኝ ሰዎች ስም ሰፍሯል። ከእያንዳንዱ ስም ጎን ዕድሜው፣ ባለፉት ዓመታት የወረወረው ኢኒንግ ብዛት፣ ክርኑ ወይም ትከሻው ቢላዋ አርፎበት እንደሆነ ተጽፏል።

ጨዋታው ፋንታሲ ቤዝቦል ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1980 ጸሐፊው ዳንኤል ኦክሬንት ከወዳጆቹ ጋር በኒውዮርክ ከጀመረው ጨዋታ የተወለደ ነው። ተጫዋቹ ሜዳ አይገባም። ከእውነተኞቹ ቡድኖች ሰዎችን እየመረጠ በወረቀት ላይ የራሱን ቡድን ያቆማል፤ እነርሱ ሜዳ ላይ በሠሩት መጠን እርሱ ቤቱ ተቀምጦ ነጥብ ይሰበስባል። ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ስጫወት ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖኛል።

አስቸጋሪው ነገር ወርዋሪ መምረጥ ነው። ወርዋሪ በአምስት ቀን አንዴ ተነሥቶ መቶ ያህል ኳስ በሙሉ ኃይሉ የሚወረውር ሰው ነው። ያን ሁሉ ጉልበት በክርኑ ውስጥ ያለች አንዲት አጭር ጅማት ትሸከመዋለች። ጅማቷ መቼ እንደምትበጠስ ለማወቅ ሰው ያልሞከረው ስሌት የለም። ጋዜጠኛው ቶም ቨርዱቺ ለጋ ወርዋሪ ከቀደመው ዓመት በ30 ኢኒንግ ከበለጠ በሚቀጥለው ዓመት ያሰጋዋል ብሎ ነበር፤ ኋላ የመረመሩት ግን ሕጉን ጽኑ ሆኖ አላገኙትም። እ.ኤ.አ. በ1974 በአናሃይም ኖላን ራያን ከ332 ኢኒንግ በላይ ወረወረ፤ ክንዱም ሌላ 19 ዓመት አገለገለው። በዚያው ዓመት፣ በጎረቤቷ ሎስ አንጀለስ፣ የቶሚ ጆን ጅማት ተበጠሰች። ሐኪሙ ፍራንክ ጆብ ከቀኝ ክንዱ ጅማት ወስዶ በግራ ክርኑ ላይ ተከለለት፤ እርሱም ተመልሶ እስከ 1989 ተጫወተ። የሁለት ሰው ክንድ እንደ ሁለት ሰው ልብ ነው፤ አንዱን ያየ ሌላውን አያውቅም።

በእኛ ከተማ ይህን ያስተማረን ስቲቨን ስትራስበርግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ለናሽናልስ በተሰለፈበት የመጀመሪያ ጨዋታ 14 መቺዎችን ባዶ እጃቸውን ሸኘ። ዓመቱ ሳያልቅ ክርኑ ተቀደደ። በ2012 ቡድኑ ለዋንጫ ሲገሰግስ፣ ለክንዱ ሲባል ከ159 ኢኒንግ በኋላ እንዲያርፍ ተደረገ፤ ቡድኑም ያለ እርሱ ተሸነፈ። በ2019 ግን ማንም አላስቆመውም። በመደበኛው ውድድር 209፣ በማጣሪያውና በፍጻሜው 36 ኢኒንግ ወርውሮ የፍጻሜው ኮከብ ተባለ። ድምሩ 245 ነው። በዚያው ክረምት የሰባት ዓመት ውል ፈረመ፤ ገንዘቡም 245 ሚሊዮን ዶላር ነበር።

እኔ በመጋቢት 2020 ከስሙ ጎን «አደጋ» ብዬ ጻፍኩና ለሌላ ተውኩት። ልክ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ በአራት ዓመት ውስጥ ስምንት ጨዋታ ብቻ ነው የተሰለፈው። ነርቮቹ በአንገቱና በትከሻው መካከል ተጨፍልቀው በ2021 ቀዶ ጥገና ተደረገለት፤ አልዳነም። እኔ ግን ያን ጊዜ ልክ በመሆኔ ደስ ብሎኝ ነበር። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ።

በዚያው ዓመት ወረርሽኙ ገባ። ታላቅ እህቴ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች፤ ሽማግሌ ታነሣለች፣ ታጥባለች፣ ታገላብጣለች። ባልደረቦቿ ሲታመሙና ሲቀሩ የእነርሱን ፈረቃ ደርባ ወሰደች፤ በቀን 16 ሰዓት። ወረርሽኙ አለፈ፤ ድርቡ ፈረቃ ግን ቀረ። አዲስ አበባ ለእናታችን የሚላከው ገንዘብ ከእርሱ ነበርና። እኔን አሜሪካ ያመጣችኝ፣ ኮሌጅም ያስተማረችኝ እርሷ ናት።

ስትራስበርግ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 መሰናበቱ ተሰማ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ፋሲካ ሆነና እርሷ ቤት ለዶሮ ወጥ ተሰበሰብን። እንደ ልማዷ ጠቅልላ ልታጎርሰኝ እጇን አነሣች። እጇ ደረቷ ዘንድ ሲደርስ ቆመ። ፈገግ ብላ በግራ እጇ ክርኗን ደገፍ አደረገችና ገፋችው።

«እትዬ፣ እጅሽ ምን ሆነ?»

«ብርድ ነው። ብላ አንተ!»

ክንድ ሲደክም ምልክት አለው፤ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ዒላማው ይዛባል፣ ባለቤቱም ደህና ነኝ ይላል። ይህን ሁሉ በደብተሬ ውስጥ ጽፌ ነበር። ወርዋሪ ሕመሙን የሚደብቀው ተራውን እንዳይነጠቅ ነው። እህቴም እንዲሁ። ያላየሁት ስለተሰወረ አልነበረም። ከዚያ ክንድ ጉርሻም፣ የትምህርት ክፍያም፣ የእናቴ ቀለብም እየወጣ መቼም «አደጋ» ብዬ አልጻፍኩበትም።

ሐኪሙ የትከሻዋ ጅማት በከፊል ተቀድዷል አለ። «ስንት ዓመት ሆነሽ?» ሲላት ወደ እኔ ዞረች፤ መልሱን የማውቅ ይመስል። አላውቀውም ነበር።

ለእናታችን የሚላከውን እኔ እልካለሁ አልኳት። ሦስት ወር ተከራከረችኝ፤ በመጨረሻ ድርቡን ፈረቃ ተወች። ይህ ያድናት እንደሆን ዋስትና የለኝም። ስትራስበርግም አርፎ ነበር። ዕረፍት የገባውን ቃል ለሁሉ እኩል አይጠብቅም፤ ሆኖም የደከመን ክንድ ለማሳረፍ የመዳኑን ማረጋገጫ መጠበቅ የባለ ደብተር ጭካኔ ነው።

ዘንድሮም ደብተሬን አውጥቻለሁ፤ መጫወት አልተውኩም። ስሞቹን ስጽፍ ግን እጄ ይዘገያል፤ ከእያንዳንዱ ቁጥር ጀርባ ደህና ነኝ ብሎ የሚዋሽ አንድ ሰው ይታየኛል።

የእህቴ ቀኝ እጅ አሁንም ከደረቷ ብዙ ከፍ አይልም። ስታጎርሰኝ እኔ ጎንበስ እላለሁ።