ከሥርዓቱ ስለ ወጣ አንድ የእንግሊዝኛ ግስ

ልጁ የባዕድ ቋንቋ እንዲያውቅለት የሚወድ አባት፥ መጽሐፍ ከመግዛቱና መምህር ከመፈለጉ ጋራ ትዕግሥትንም ማሰናዳት ይገባዋል። ይህንም ያልሁት በቤቴ ባየሁት ነገር ነው። ታናሺቱ ልጄ እንግሊዝኛ ስትማር «ትናንት ሄድሁ» ለማለት ፈልጋ «አይ ጎድ የስተርዴይ» አለች። ታላቅ ወንድሟም ስለ ሳቀባት፥ ሦስት ቀን ያህል መጽሐፏን ለመግለጥ እንቢ አለች።

ነገሩ ሲመረመር ግን ልጅቱ የተናገረችው በማስተዋል ነው። ብዙዎቹ የእንግሊዝኛ ግሦች ኀላፊ ጊዜን የሚያመለክቱት በመጨረሻቸው «ኢ»ና «ዲ» የሚባሉትን ፊደላት በመጨመር ነውና፥ እርሷም ይህንኑ ደንብ ተከተለች። የእንግሊዞች ሕፃናትም አፍ ሲፈቱ «ጎድ» ይላሉ። «ጎ» የሚለው ግስ ግን ኀላፊው «ዌንት» ነው። ይህም ቃል ጥንት «ዌንድ» የሚባል የሌላ ግስ ኀላፊ ነበረ፤ የ«ጎ» የራሱ ኀላፊ «ኤኦዴ» እየተረሳ ሲሄድ፥ በ15ኛው መቶ ዓመት ገደማ «ዌንት» ስፍራውን ወሰደ።

በእኛስ ቋንቋ እንዲህ ያለ ነገር የለምን? «መጣ፥ ይመጣል» ብለን፥ ለትእዛዝ ጊዜ «ና» እንላለን። ይህን ለልጆቼ በነገርኋቸው ጊዜ ወንድምየው ሳቁን ተወ፤ እኅቱም መጽሐፏን ገለጠች።

ከዚያ በኋላ የግሱን አገባብ አስረዳኋቸው። ያለፈው ጊዜ ተለይቶ ሲነገር «ሂ ዌንት የስተርዴይ» ይባላል። «ዲድ» ሲቀድም ግን ኀላፊነቱን እርሱ ስለሚይዝ፥ ግሱ ወደ «ጎ» ይመለሳል፤ «ሂ ዲድ ኖት ጎ» እንጂ «ዲድ ኖት ዌንት» አይባልም። «ጎን» የሚለውም «ሀዝ»ን ወይም «ሀቭ»ን የመሰለ ረዳት ይሻል። «ሂ ሀዝ ጎን ቱ ሐረር» ማለት ወደ ሐረር ሄዷል፥ ገና አልተመለሰም ማለት ነው። ሄዶ የተመለሰ እንደ ሆነ «ሂ ሀዝ ቢን ቱ ሐረር» ይባላል። ይህን የማይለይ ጸሐፊ፥ ተመልሶ በወንበሩ የተቀመጠውን ሹም በደብዳቤው ሐረር ያስቀረዋል።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፥ ልጅ ሲሳሳት ትክክለኛውን ቃል ደግማችሁ አሰሙት እንጂ መሳቂያ አታድርጉት። ያፈረ ልጅ አፉን ይዘጋል፤ አፉን የዘጋም ቋንቋ አይማርም።