ከሐይቁ ዳር እስከ እንሰቱ ግርጌ

በአየርላንድና በስኮትላንድ ጠረፍ የሚኖሩ ገበሬዎች ማዕበል የተፋውን የባሕር አረም የድንች መደባቸውን ሲያለብሱበት እንደ ኖሩ ሁሉ፣ ለእኛም ለሐዋሳ ሰዎች ነፋስ ከሐይቁ ወደ ዳር የሚገፋው የቄጠማና የፊላ ስብርባሪ በደጃችን የተዘረጋ በረከት ነው። ይህንኑ፣ ውሃው ተንጠፍጥፎለት ጠውለግ ሲል፣ በእንሰቱና በቡናው ግርጌ አንድ ስንዝር ያህል ጐዝጕዤ፣ በበጋው ሐሩር ገለጥ ሳደርገው አፈሩ ጠቁሮና ረጥቦ፣ የምድር ትሎቹም ከብርሃኑ ሲሸሹ ባየሁ ቍጥር፣ የሞተው ለሕያው ሲሳይ ይሆን ዘንድ የሠራውን አምላክ አመሰግናለሁ።

እንቦጭ ግን፣ ያ ከደቡብ አሜሪካ መጥቶ ከ2004 ዓ.ም. ግድም ጀምሮ ጣናን ያስጨነቀው መጻተኛ አረም፣ ዘሩ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ስለሚቆይ፣ እርጥቡን ከመጐዝጐዝ ይልቅ ከእበትና ከደረቅ ቅጠል ጋር ተከምሮ፣ ሙቀቱ እጅ እስኪፈጅ ድረስ ግሎ፣ እየተገላበጠም ሊብላላ ይገባዋል። የውሃ ተክል ከባድ ብረቶችን በሥሩ ስለሚያከማች፣ የፋብሪካ ፍሳሽ ከሚያገኘው ስፍራ የተሰበሰበውን ከጎመን መደብ አርቁት፤ በቁሙ ያለውን ፊላ ደግሞ አደራ አትጨዱ፣ ቆሮሶ የተባለው ዓሣ ጫጩቶቹን የሚያሳድገው በዚያ መጠለያ ነውና።