የውሰት ዘፈን

ቤተ መጻሕፍት ማለት መጽሐፍ የሚቀመጥበት ቤት ነው። ሰው መጽሐፉን ይዋሳል፤ ቤቱ ወስዶ ያነባል፤ በቀኑ ይመልሳል። ይህን ለተማሪዎቻችን ስናስረዳ አንዲት እናት «ታዲያ ማንበብ ለማይችል ሰው ምን ይረባዋል?» ብለው ጠየቁን። እኛም በሌላ አገር ዘፈንም በውሰት እንደሚሰጥ ነገርናቸው። ሳቁብን። «ዘፈን ምኑ ተይዞ ነው የሚያውሱት፣ ልጆቼ!» አሉ።

እውነታቸውን ነው። ወንፊት እንዋሳለን። ምጣድ እንዋሳለን። ዘፈን ግን ከአፍ ወጥቶ የሚጠፋ ነገር ነው። የሚያዘው በሸክላ ሲቀዳ ነው። የሙዚቃ ሸክላ እንደ ምጣድ ክብ ነው፤ ግን ቀጭን ነው። በላዩ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር እየዞረ ይሄዳል። ሸክላው ሲሽከረከር መርፌ በመስመሩ ውስጥ ያልፋል፤ ድምፁም ይወጣል። የድሮው ሸክላ በአንድ ፊቱ ከ3 እስከ 4 ደቂቃ ያህል ብቻ ይዘፍን ነበር። ከወደቀም እንደ ስሙ ነው፤ ገል ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣው ዓይነት ግን በአንድ ፊቱ 20 ደቂቃ ያህል ይይዛል፤ ቶሎም አይሰበርም።

በአሜሪካ አገር፣ ሴንት ፖል በምትባል ከተማ፣ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱ ሸክላ ማዋስ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1914 ነው። ኋላ በእንግሊዝ አገርም ተለመደ። ሸክላ ውድ ነበርና ደመወዝተኛው ደጋግሞ ሊገዛ አይችልም ነበር። በውሰት ግን ያዳምጥ ነበር።

የእንግሊዞቹ ጥንቃቄ ያስገርማል። የተዋሰው ሰው ሸክላውን ሲመልስ ሠራተኛው ወደ ብርሃን አዘንብሎ ያየው ነበር። ጭረት ካገኘ በካርድ ላይ ይመዘግብ ነበር። በአንዳንዱ ቤተ መጻሕፍት እንዲያውም ሰውየው የማጫወቻውን መርፌ ይዞ መጥቶ ማሳየት ነበረበት። ያረጀ መርፌ ሸክላውን ያርሰዋላ! በእኛ ሰፈር ወንፊት ሲመለስ እንዲህ ቢመረመር ጠብ ይነሣ ነበር።

ዛሬ ብዙ ሰው ዘፈን በስልክ ስለሚያዳምጥ ሸክላ የሚዋሰው ጥቂት ነው።

የአገራችንም ድምፅ ሸክላ ውስጥ ገብቷል። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ጀርመን አገር ሄደው ዘፈናቸውን አስቀዱ። ሸክላው ስለተቀመጠ ያው ድምፅ እ.ኤ.አ. በ2011 በሲዲ እንደገና ወጣ።

ይህን ስንነግራቸው እኒያ እናት ሳቃቸውን ተዉ። «እኔ ስፈጭ የማንጎራጉረውንስ ማን ያዘው? እናቴ ናት ያስተማረችኝ። ሴቶች ልጆቼ የሚያስፈጩት ወፍጮ ቤት ነው፤ አንዳቸውም አያውቁትም» አሉ።

በማግስቱ ቤታቸው ሄድን። እሳቸው እየፈጩ፣ እኛ በእጅ ስልክ ቀዳን። 11 ደቂቃ ሆነ። የመጁ ድምፅም አብሮ ገብቷል። ስልክ ግን ይጠፋል፤ ይሰበራል። ድምፁን ተቀብሎ የሚያስቀምጥ፣ ለጎረቤትም የሚያውስ ቤተ መጻሕፍት በዚህ ወረዳ የለም። እስኪገኝ ድረስ ቃሉን በደብተር እየጻፍነው ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ስንኞች እሳቸው ራሳቸው ጽፈዋል።